ስለ ስቴፈን ሃውኪንግ ከሚወራው ስንቱ እውነት ነው?

ስቴፈን ሃውኪንግ ያረፈው ማርች 14 ቀን 2018 ካምብሪጅ ውስጥ ነው። 76 ዓመቱ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ከአይንስታይን ቀጥሎ መልኩ የሚታወቅ የፊዚክስ ሰው ማን ነው ቢባል ብዙ ሰው እሱን ይጠራል። ዊልቸሩን፣ ዘመም ያለ አንገቱን፣ ያንን የኮምፒውተር ድምፅ የማያውቅ የለም። የሠራውን ሥራ ግን እንጃ። ስሙ በተነሳ ቁጥር አብረውት የሚነሱ ወሬዎች አሉ። አንዳንዱ ከነጭራሹ ውሸት ነው። አንዳንዱ ደግሞ እውነት ሆኖ ግማሹ የተቆረጠ ነው። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ሁለተኛው ዓይነት ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

«ሁለት ዓመት ነው የቀረህ ቢባልም በወኔው 55 ዓመት ኖረ»

ቁጥሩ ልክ ነው። ኦክስፎርድ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ እያለ ያለ ምክንያት ይደናቀፍ ጀመር፤ ደረጃ ላይም ወደቀ። በ1963፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ኤ.ኤል.ኤስ. የሚባለው በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ሐኪሞቹ የገመቱለት ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ስህተቱ ያለው ምክንያቱ ላይ ነው።

ኤ.ኤል.ኤስ. የሚያጠቃው ጡንቻን የሚያዙትን የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮች ነው። አምፖሉ ደህና ሆኖ መስመሩ እንደተቆረጠበት መብራት በሉት። ትእዛዝ ያጣ ጡንቻ ቀስ በቀስ ይመነምናል። እጅ፣ እግር፣ ምላስ፣ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻ። አብዛኛው ታማሚ ምልክቱ ከታየበት በኋላ የሚኖረው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ግን ከአሥር ዓመት ያልፋል። በወጣትነት ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው። የሃውኪንግ እጅግ በጣም ዝግ ያለው ዓይነት ነበር። ሰውየው ይህን አልመረጠም፣ ታግሎም አላመጣውም።

ምን አከረረህ ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ በሦስተኛው ዓመት የሞተው ታማሚስ? ወኔ አንሶት ነው? አንዱን እንዲህ ስናሞግስ ሌላውን ሳናስበው እየወቀስን ነው። ግትር አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። ዊልቸር ላይ አልቀመጥም ብሎ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በክራንች ሲታገል ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሌ የሚቆረጡት አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ናቸው። በ1965 ያገባት ጄን ዋይልድ ሦስት ልጆች እያሳደገች እሱንም ታበላ፣ ታለብስ ነበር። በኋላ ላይ ተማሪዎቹ ቤቱ እየኖሩ ያግዙት ጀመር። ከዚያ 1985 መጣ። ለሥራ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ሰርን ወደሚባለው የምርምር ማዕከል እንደሄደ ኃይለኛ የሳንባ ምች ያዘው። ጄኔቫ ሆስፒታል ገብቶ በማሽን መተንፈስ ጀመረ። ሐኪሞቹ ማሽኑ ይነቀል ወይ ብለው ጄንን ጠየቋት። እሷም አይሆንም አለች። በአምቡላንስ አውሮፕላን ካምብሪጅ አስመለሰችው። እዚያ ጉሮሮው ተበስቶ መተንፈሻ ቱቦ ተደረገለት።

ያን ቀን እሺ ብላ ቢሆን ኖሮ 33 ዓመት ከዕድሜው ላይ ይቀነሳል። በ1988 ወጥቶ በሚሊዮን የተሸጠውን መጽሐፉንም አናየውም ነበር። ከዚያ በኋላ 24 ሰዓት ነርስ አልተለየውም። ወጪው የሚቀመስ አልነበረም። ጄን ደብዳቤ ስትጽፍ ከርማ አንድ የአሜሪካ ፋውንዴሽን ነው የደረሰላቸው።

«እንግሊዝ አገር ቢታመም ኖሮ አይተርፍም ነበር»

ይሄ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ታትሞ ወጥቷል። በ2009 አሜሪካ ውስጥ የጤና መድኅን ሕግ ጦፎ ሲያከራክር፣ አንድ የአሜሪካ የቢዝነስ ጋዜጣ በርዕሰ አንቀጹ እንደ ሃውኪንግ ያለ ሰው በእንግሊዝ የመንግሥት ሕክምና የመትረፍ ዕድል አይኖረውም ብሎ ጻፈ። ሃውኪንግ እኮ ኦክስፎርድ ተወልዶ ካምብሪጅ የኖረ እንግሊዛዊ ነው! ማሽኑ በአሜሪካውያን ቅላጼ ስለሚናገር ይሆናል ያምታታቸው። እሱም የአገሩ የጤና አገልግሎት ባይኖር ዛሬ እዚህ አልገኝም ነበር ብሎ መለሰ። ጋዜጣው ማስተካከያ አወጣ።

«ማሽኑ ሐሳቡን እያነበበ ይናገርለት ነበር»

አያነብም። እያንዳንዷን ቃል የሚመርጠው ራሱ ነበር፣ ያውም በመከራ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ ፊደላት ተደርድረዋል። ጠቋሚ ምልክቱ በራሱ ጊዜ በፊደላቱ ላይ እየዘለለ ይሄዳል። የሚፈልገው ፊደል ላይ ሲደርስ ማስቆም ነው የሱ ሥራ። መጀመሪያ ላይ በእጁ የሚጫናት ማብሪያ ነበረችው። ጣቶቹ ሲደክሙ ወደ ጉንጩ ዞረ። መነጽሩ ላይ የተገጠመች ትንሽ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ጉንጩ ኮስተር ሲል ታያለች፤ ጠቋሚውም ይቆማል። አንድ ፊደል ተገኘ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ኋላ ላይ ኢንቴል የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ባለሙያዎች ያሻሻሉለት ፕሮግራም፣ ልክ ስልካችን ላይ እንዳለው፣ የሚቀጥለውን ቃል ይገምትለት ነበር። ከራሱ ጽሑፎች ስለተማረ «ብላክ» ሲል «ሆል» ብሎ ያቀርብለታል።

መጀመሪያ አካባቢ በደቂቃ 15 ቃል ገደማ ይደርስ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ አንድና ሁለት ቃል ወረደ። ስለዚህ በቴሌቪዥን ያየነው ያ ፈጣን መልስ፣ ጥያቄው አስቀድሞ ተልኮለት፣ ሰዓታት ወስዶ የተዘጋጀ ነው። ንግግሮቹም ቀድመው ተጽፈው በማሽኑ የሚነበቡ ነበሩ። ይህን ሳውቅ ቀልዶቹን የማደንቅበት መጠን ጨመረ። አንድ ቀልድ ለመናገር ያን ያህል ጉንጭ ማንቀሳቀስ!

ድምፁ ደግሞ የሰው ድምፅ ነው። ዴኒስ ክላት የሚባል፣ ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የራሱን ድምፅ መሠረት አድርጎ ነው የሠራው። ክላት በ1988 ሞተ። በኋላ ለጆሮ የሚስማሙ አዳዲስ ድምፆች መጥተው ነበር፤ ሃውኪንግ ግን አልለውጥም አለ። የኔ ነው ብሎ ተቀብሎታል።

«በሽታው ነው ሊቅ ያደረገው»

ኦክስፎርድ የገባው በ17 ዓመቱ ነው፤ በ1962 በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቋል። ይህ ሁሉ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ነው። እንዲያውም ሰነፍ ተማሪ እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ቢያጠና ነው። ከበሽታው ዜና በኋላ መሥራት እንደጀመረ ሲናገር ደግሞ አንዱ ምክንያት ጄን እንደነበረች አልደበቀም። ለማግባት ሥራ ያስፈልጋል፣ ለሥራ ዶክትሬት መጨረስ ያስፈልጋል።

እጁ መጻፍ ሲያቅተው ረጃጅሙን ስሌት በቅርጽና በሥዕል መልክ በጭንቅላቱ መያዝ ተለማመደ። ይህ እውነት ነው። ግን ብቻውን የሚያሰላ ባሕታዊ አልነበረም። ከሌሎች የሙያው ሰዎች ጋር፣ ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር፣ ከጆርጅ ኤሊስ ጋር፣ ከጄምስ ሃርትል ጋር፣ ከተማሪዎቹም ጋር ነው የሠራው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለታማሚ ቤተሰብ ይጠቅማል። በሃውኪንግ ምክንያት ይህ በሽታ አእምሮን ፈጽሞ አይነካም ተብሎ ይታመናል። ብዙዎች ላይ አይነካም። ሆኖም በርከት ያሉ ታማሚዎች ላይ የባሕርይ ወይም የማሰብ ለውጥ ይታያል። «ሃውኪንግን አታይም?» እያሉ እንዲህ ያለውን ታማሚ መውቀስ ደግ አይደለም።

«ብላክ ሆልን ያገኘው እሱ ነው»

ብላክ ሆል ማለት ስበቱ ከመበርታቱ የተነሳ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሕዋ አካል ነው። ብርሃን የማያመልጠው ኮከብ ሊኖር ይችላል ብሎ ጆን ሚሼል የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ የጻፈው በ1783 ነው። ካርል ሽዋርትዝሺልድ ከአይንስታይን ቀመር ውስጥ ስሌቱን ያወጣው በ1916 ነው፤ ያኔ የሃውኪንግ እናትና አባት ገና ልጆች ነበሩ። በ1965 ፔንሮዝ በራሱ ክብደት የሚፈርስ ኮከብ መጨረሻው መጠኑ የማይለካ እፍግታ መሆኑን በሒሳብ አሳየ። የሃውኪንግ ብልሃት ይህንን ወደ ኋላ ማዞር ነበር። የሚስፋፋውን ዩኒቨርስ ጊዜውን ወደ ኋላ ብናጠነጥነው እሱም እንደ ኮከቡ አንድ መነሻ ላይ ይገባል አለ። የዶክትሬት ጽሑፉ ትልቁ ፍሬ ይህ ነው። በ2017 ካምብሪጅ ጽሑፉን በድረ ገጽ ሲለቀው የጎብኚው ብዛት ገጹን አጨናነቀው።

የራሱ ትልቁ ሥራ ግን በ1974 የወጣው ነው። እስከዚያ ድረስ ብላክ ሆል የሚውጥ እንጂ የሚሰጥ አልነበረም። ሃውኪንግ የኳንተምን ሕግ፣ ማለትም የጥቃቅን ቅንጣቶችን ሕግ፣ በብላክ ሆሉ ድንበር ላይ ሲያሠራው ከብላክ ሆል ጨረር ወጣ። ራሱም መጀመሪያ አላመነም፣ ስሌቱን ስህተት ብሎ ሊያባርረው ሞከረ። ጨረር የሚያወጣ ነገር ሙቀት አለው። ጨረር ባወጣ ቁጥር ደግሞ እየተነነ ይሄዳል። ስለዚህ ብላክ ሆል ይሞታል ማለት ነው።

ነገ ይተናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የፀሐይን ያህል ክብደት ያለው ብላክ ሆል ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ነጥብ) በላይ የአንድ ዲግሪ 60 ቢሊዮንኛ ገደማ ነው። በዙሪያው ያለው ሕዋ ከዚያው ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አሁን ከሚሰጠው የሚቀበለው ይበልጣል። ለመትነን የሚፈጅበት ዓመት ሲጻፍ አንድ ብሎ 67 ዜሮ ነው።

በየዩቲዩቡ የምናየው «ሁለት ቅንጣቶች ድንበሩ ላይ ይፈጠራሉ፣ አንዱ ይገባል አንዱ ያመልጣል» የሚለው ማብራሪያም የራሱ ነው። ነገር ግን በ1975ቱ ጽሑፉ ላይ ይህ ለመረዳት ያህል ነው፣ ቃል በቃል አትውሰዱት ብሎ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያውን የሚጠቅስ ግን የለም።

«ኖቤል ተሸልሟል»፣ «አይኪው 160 ነበር»

ኖቤል አልተሸለመም። ያ ጨረር ከአንድም ብላክ ሆል ሲወጣ በመሣሪያ አልታየም፤ ሽልማቱ ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም። ፔንሮዝ በ2020 በብላክ ሆል ሥራው ሲሸለም ሃውኪንግ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

አይኪውን (የማሰብ ችሎታ መለኪያ የሚባለውን ቁጥር) በተመለከተ በ2004 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ጠይቃው አላውቀውም ብሏል፤ በአይኪው የሚኩራሩትንም ተሳልቆባቸዋል። 160 የምትለዋ ቁጥር አይንስታይን ላይም ትለጠፋለች።

«በመጨረሻ ከሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጋር ተገናኝቶ አመነ»

መገናኘቱ እውነት ነው፤ በ2016 ቫቲካን ላይ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጋር ተያይተዋል። ምክንያቱ ግን ሃውኪንግ ከ1986 ጀምሮ የቫቲካን የሳይንስ አካዳሚ አባል መሆኑ ነው። እዚያ አባል የሚኮነው በሙያ ነው፣ በሃይማኖት አይደለም። አመነ የተባለው ፈጠራ ነው፤ አምላክ የለም የሚለውን አቋሙን በ2014 ጭምር በግልጽ ተናግሯል።

ሽኝቱ ካምብሪጅ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ላይ መደረጉ፣ አመዱም ዌስትሚኒስተር አቢ በሚባለው የለንደን ቤተ ክርስቲያን ማረፉ ለወሬው እሳት ጨምሮበታል። አቢ ውስጥ ያረፈው በኒውተንና በዳርዊን መካከል ነው፤ ዳርዊንም በእምነቱ የሚታወቅ ሰው አልነበረም። የመቃብር ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ያ የብላክ ሆል ሙቀት ቀመር ነው።

«በ2014 ብላክ ሆል የለም ብሎ የራሱን ሥራ ካደ»

አርዕስተ ዜናው እንዲህ ብሎ ነበር። ሃውኪንግ የጻፈው ግን፣ ምንም ነገር ለዘላለም የማያመልጥበት ድንበር የለም የሚል ነው። ጋዜጦቹ ከአረፍተ ነገሩ ግማሹን ወሰዱ። ብዙ ፊዚክስ አዋቂዎችም በሐሳቡ አልተስማሙም፣ ይህ የተለመደ ነው።

ሐሳቡን መቀየር ግን ለሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ይወራረድበት ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲግነስ ኤክስ-1 የሚባለው ነገር ብላክ ሆል አይደለም ብሎ ከጓደኛው ከኪፕ ቶርን ጋር ተወራረደ። ይህ ለሱ ኢንሹራንስ ነበር፤ ብላክ ሆል የሚባል ነገር ከሌለ ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል፣ ቢያንስ ውርርዱን ይበላል። በ1990 ተሸነፍኩ ብሎ ፈረመ። ሂግስ የሚባለው ቅንጣት አይገኝም ብሎም 100 ዶላር ተበልቷል።

ትልቁ ውርርድ የ1997ቱ ነው። ብላክ ሆል ተንኖ ሲያልቅ የዋጠው ነገር መረጃ አብሮ ይጠፋል ወይስ በሆነ መልክ ይወጣል? ሃውኪንግና ቶርን ይጠፋል አሉ፤ ሌላው የፊዚክስ ሰው ጆን ፕሬስኪል አይጠፋም አለ። ተሸናፊው ለአሸናፊው የፈለገውን ኢንሳይክሎፒዲያ ሊገዛ ተስማሙ፤ መረጃ እንደልቡ የሚወጣበት መጽሐፍ ነዋ! በ2004 ደብሊን ላይ በተደረገ ጉባኤ ሃውኪንግ ተሳስቻለሁ ብሎ ለፕሬስኪል የቤዝቦል ኢንሳይክሎፒዲያ አስረከበው። ቶርን በበኩሉ አልተሸነፍኩም አለ። ሃውኪንግ በኋላ ሲቀልድ፣ መረጃው ከብላክ ሆል የሚወጣው እንዳይነበብ ሆኖ ስለሆነ መጽሐፉን አቃጥዬ አመዱን ብቻ ብሰጠው ይሻል ነበር ብሏል።