ሞኖክል ምንድን ነው፣ ምንስ አይደለም?

እዚህ ቡድን ውስጥ ሞኖክልን ከእጅ ማጉያ መስታወት ጋር የሚያምታታ ጥያቄ ስለተደጋገመ፣ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ሳይሻል አይቀርም።

ሞኖክል የአንድን ዓይን እይታ የሚያስተካክል ክብ ሌንስ ሲሆን፣ እጀታም ሆነ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ዘንግ የለውም። ለምሳሌ ቀኝ ዓይኑ ደህና ሆኖ ግራው ብቻ ለንባብ +2 ሌንስ የሚፈልግ ሰው፣ ሙሉ መነጽር ከማድረግ ይልቅ ይህችን አንዲት መስታወት ግራ ዓይኑ ላይ ያኖራል። ፊት ካልተጨማደደ ይወድቃል የሚባለው በልክ ላልተሠራው ነው፤ በልክ የተሠራው በቅንድብ አጥንትና በጉንጭ መካከል ያለ ብዙ ጭንቅ ይቀመጣል፣ አንዳንዱም ሌንሱን ከሽፋሽፍት የሚያርቅ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ክሩ ወይም ሰንሰለቱ ደግሞ መስታወቱን ዓይን ላይ አይዝም፤ ሲያመልጥ ወለል ላይ እንዳይከሰከስ ነው።

እስከዚህ ያለው አያከራክርም። የሚለያየው ትርጉሙ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሞኖክል የአውሮፓ ባለጸጎች ምልክት ነበር፤ እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ጆሴፍ ቻምበርሌን ያለ እርሱ አይታሰብም፣ ካርቱን ሠሪዎችም በሞኖክሉ ይቀልዱበት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የጀርመን መኮንኖችን ስለሚያስታውስ በብዙ አገር ተጠላ። ያም ሆኖ በ1920ዎቹ በበርሊንና በፓሪስ ዘመናዊ ሴቶች አደረጉት፤ ሠዓሊው ኦቶ ዲክስ በ1926 እ.ኤ.አ. የሣላት ጋዜጠኛ ሲልቪያ ፎን ሃርደን ሞኖክሏን እንዳደረገች ትታያለች። ስለዚህ «የመኳንንት መነጽር» የሚለው ፍቺ ለአንድ ዘመንና ለአንድ ወገን ብቻ ይሠራል።