በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም

ሰሞኑን በሬዲዮ የቀረበ አንድ ነጋዴ ስለ ከሰረ ተፎካካሪው ተጠይቆ «ምን ይደረግ፣ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ሲል ሰማሁ። ጋዜጠኛውም ሳቅ ብሎ አለፈው። የአባባሉ ሥራ ዛሬ ይኸው ሆኗል፤ ሰው ሲከስር፣ ሲታሰር ወይም ሲከዳ «የእጁን አገኘ» ለማለት ይጠራል። ለጋስ ነጋዴ ሱቁ ሲሰፋለት፣ ደንበኛው ሲበዛለት ግን ማንም አይጠቅሰውም። እኔ የምለው፣ ይህ አባባል በመጀመሪያ የተነገረው ለሰጪ ነው፤ ለበዳይ የዋለው በኋላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ቁናን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ባደግሁበት በምሥራቅ ጎጃም ቁና ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋ የእህል መስፈሪያ ነው። ሴቶች በየቤታቸው በእጃቸው የሚሰፉት በመሆኑ ሁለት ቁና አይመሳሰልም፤ የአንዱ ሆድ ሰፋ፣ የሌላው አፍ ጠበብ ይላል። ሲያረጅም ስፌቱ ይላላና የሚይዘው እህል ይጨምራል። 20 ቁና አንድ ዳውላ ነው ይባል እንጂ ቁናው እንደየአገሩ ስለሚለያይ የአንዱ አውራጃ ዳውላ ከሌላው ጋር አይገጥምም ነበር።

አሰፋፈሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነበረው። እጇ የማይሰስት ሴት ቁናውን ትሞላና በሁለት እጇ ይዛ ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ እህሉ ጠቅጠቅ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ እንደገና ትጨምርበታለች፤ ከአፉ በላይ ተቆልሎ በዙሪያው መፍሰስ እስኪጀምር አትተወውም። ባቄላና ሽምብራ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ስለሚተዉ በተነቀነቀና ባልተነቀነቀ ቁና መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ጤፍ ደቃቅና አንሸራታች ነውና ቁልሉ ቶሎ ይናዳል፤ ጤፍን ቆልሎ መስፈር የሚፈልግ ሰው ታግሦ እፍኝ በእፍኝ መጨመር አለበት። ስስታሟ ግን እህሉን በቀስታ ታፈሰዋለች፣ አትነቀንቀውም፣ የቁናውን አፍ በመዳፏ ጥርግ አድርጋ ትሰጣለች። ሁለቱም «አንድ ቁና» ሰጥተዋል። በሕግ የምትጠየቅ የለችም።

በነሐሴ የብዙ ቤት ጎታ ይራቆታል። ያን ጊዜ ጎረቤት አያቴ ዘንድ ትመጣና «እትዬ፣ እስከ አዲሱ እህል አንድ ሁለት ቁና ያበድሩኝ» ትላለች። አያቴም ቁናዋን ከተሰቀለበት አውርዳ ቆልላ ትሰፍርላታለች። ታኅሣሥ ላይ አውድማው ሲነሣ ባለዕዳዋ እህሏን በአቁማዳ ተሸክማ ስትመጣ አያቴ ያንኑ ቁና ታቀርባለች፤ የየቤቱ ቁና ስለሚለያይ ብድር የሚመለሰው በተሰጠበት ቁና ነበር። የምትሰፍረው ግን አያቴ አይደለችም፤ ባለዕዳዋ ናት። ልጅ ሆኜ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ባለዕዳዋን እመለከታት ነበር፤ ቁናውን ስትነቀንቅ፣ ስትጨምር፣ እህሉ መሬት ላይ ሲፈስ። አያቴ «በቃ ልጄ፣ በቃ» ስትላት «ኧረ እትዬ፣ እርስዎ የሰፈሩልኝን መቼ ረሳሁት» ብላ ሌላ እፍኝ ትደፋበታለች።

ብዙ ሰው አባባሉ ከወንጌል የተወሰደ ነው ይላል። በእርግጥ መስፈሪያው በማቴዎስ ምዕራፍ 7 ቁጥር 2 ስለ ፍርድ፣ በሉቃስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 38 ደግሞ ስለ መስጠት ተጠቅሷል። እኛ የማቴዎሱን ይዘን የሉቃሱን ረስተነዋል፤ የሉቃሱ ተነቅንቆ፣ ተጠቅጥቆ፣ ተርፎ የሚፈስ መስፈሪያ ነው። እኔ ግን ከዚህም አልፌ፣ አባባሉ የተወለደው በነሐሴ ብድርና በታኅሣሥ ክፍያ መካከል ነው ባይ ነኝ። ቁናው ያው አንዱ ነው፤ የሚሰፍረው እጅ ግን ይቀየራል። በነሐሴ ሰፍሮ በታኅሣሥ የሚሰፈርለት ገበሬ ይህን አባባል ከማንም መዋስ አያስፈልገውም። «አይቀርም» ብሎ በሙሉ ልብ የተናገረውም ቁናው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስለሚያየው ነው። ቄሱ ሉቃስን ሲያነቡለት «እውነት ነው» ያለው ከጎታው ስለሚያውቀው ነው።

ንግዱም በዚሁ ይመራ ነበር። በቅዳሜው ገበያችን እህል ነጋዴዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸው አንድ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ሴትዮ ቆልላ ሰፍራ ስታበቃ አንድ እፍኝ ምራቂ ትጨምራለች። እናቶች ሌላውን እያለፉ እርሷን ይከብቧታል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን እህሏ ያልቃል። ሌሎቹ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ተቀምጠው፣ ያልተሸጠውን ተሸክሞ ላለመመለስ ዋጋ ይሰብራሉ። እነርሱ በአንድ ምሽት የሚያጡት እርሷ ቀኑን ሙሉ በእፍኝ ከመረቀችው ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ያስከበራት ግን ሌላ ነገር ነበር። ከገበሬው ሲገዙ በትልቅ ቁና፣ ለሸማቹ ሲሸጡ በትንሽ ቁና የሚሰፍሩ ነጋዴዎች ነበሩ። እርሷ የምትገዛውም የምትሸጠውም በአንድ ቁና ነው። ስለዚህ ገበሬው ጤፉን ጭኖ ሲመጣ አህያውን መጀመሪያ የሚያቆመው እርሷ ዘንድ ነው፤ እህል በሚወደድበት ክረምትም ገንዘቡን ሳይቀበል አምኖ የሚሰጣት አታጣም። መርካቶም ለጀማሪ ዕቃ በዱቤ የሰጠ ጅምላ ነጋዴ፣ ያ ጀማሪ ሱቅ ሲከፍት የዕድሜ ልክ ደንበኛ ያገኛል።

ዛሬ ቁናው በጣሳና በኪሎ ተተክቷል። የጣሳውን ታች ወደ ውስጥ ደቁሶ የሚሸጥም አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው አባባሉ ማስጠንቀቂያ ቢሆን አልቃወምም። ነገር ግን የከሰረ ሁሉ አጉድሎ የሰፈረ አይደለም። ድርቅ አለ፣ የእሳት አደጋ አለ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ። ይህን ሳይጠይቁ አባባሉን በወደቀ ሰው ላይ መወርወር ክፋት ነው፤ አባቶቻችንንም ያላሉትን ማስባል ነው። አዲስ ሱቅ ሲከፈት ሽማግሌዎች ቆመው «ቤቱን ይሙላው» ብለው ይመርቃሉ። ይህን አባባል እዚያ ላይ ቢጨምሩት፣ ወጣቱ ባለሱቅም የመጀመሪያውን ኪሎ ሳይመዝን ቢሰማው፣ አባባሉ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር።