«ጠበቅ አድርጊው!»፦ ስለ ሹሩባና ስለሸሸ ፀጉር የምንሳሳታቸው ነገሮች

የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ሹሩባ ሠሪዋ ቤታችን ትመጣለች። እኔ በርጩማ ላይ፣ እሷ ከኋላዬ። እናቴ ከማድ ቤት ሆና የምትጮኸው አንድ ነገር ነበር፦ «ጠበቅ አድርጊው፣ ቶሎ እንዳይፈታ!» ያን ሌሊት ጭንቅላቴን ትራስ ላይ ማሳረፍ አልችልም። ቅንድቤ ወደ ላይ ተስቦ የደነገጥኩ እመስላለሁ። ጠዋት ግን ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት አምሮባታል!» ይላል። ሕመሙም ይረሳል።

ሠላሳን ስሻገር ከጆሮዎቼ በላይ ያለው ፀጉር ሸሸ። ሐኪሞች ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል። ፀጉር ከሥሩ ደጋግሞ ሲጎተት የሚመጣ መሳሳት ማለት ነው። ያኔ ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። አብዛኛው ምክር ግን ስህተት ሆኖ አገኘሁት።

«ሹሩባ ካላመመ አልተሠራም»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ሁላችንም አምነንበት ፓራሲታሞል ውጠን ተኝተናል።

የፀጉር ሥር ቆዳ ውስጥ በትንሽዬ ከረጢት ተይዞ ነው የሚቀመጠው። ሲጎተት ከረጢቱ ይቆጣል። ሕመሙ የዚያ ቁጣ ነው። ቀጥሎ በግንባር ጠርዝ ላይ ችፍ ችፍ የሚሉ ብጉሮች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ መግል ይቋጥራሉ። «ሙቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል። የቆዳ መቅላት በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለማይታይ ለእኛ ዋናው ማስጠንቀቂያ ሕመሙና ብጉሩ ነው። ሌላም አለ፦ ከፀጉሩ ሥር አካባቢ ዘለላውን እንደ እጅጌ ያቀፈ ነጭ ነገር። ብዙዎቻችን ፎረፎር ይመስለናል። ፎረፎር ግን ሲያራግፉት ይረግፋል፤ ይሄ ፀጉሩን ተከትሎ ይንሸራተታል እንጂ አይረግፍም። በተለይ የሚጎተተው ቦታ ላይ ከሆነ ፀጉሩ «በዛብኝ» እያለ ነው።

ቅንድብሽን ስታነሺ ካመመሽ፣ ወይም ከሹሩባው ሥር ቆዳው እንደ ድንኳን ከተነሳ ጠብቋል። ያኑ ማታ ፍቺው። አውቃለሁ፣ የተከፈለበት ገንዘብ ያንገበግባል።

«ሹሩባ ፀጉር ያሳድጋል»

ግማሽ እውነት አለው። ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጫፉን ጎነጎንሽው ለቀቅሽው ሥሩ አያውቅም። ላላ ያለ ሹሩባ ግን በየቀኑ ከማበጠርና ከፔስትራ ስለሚያሳርፈው አይሰባበርም። ያደገው ሳይቆረጥ ስለሚቆይ ረዘመ እንላለን። በጠበቀ ሹሩባ ግን ጫፉን ለማዳን ሥሩን እንከፍላለን።

ሹሩባ ሲፈታ ስለሚወጣው የፀጉር ኳስ ደግሞ አትደንግጡ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ለአንድ ወር የተሠራ ሹሩባ ያን ሁሉ ይዞ ይቆያል፤ ከ1,500 እስከ 3,000 ማለት ነው። ኳስ ቢሆን ምን ይገርማል?

«የእናቷን ግንባር ወርሳ ነው»

እኔም ተብያለሁ። በዘር የሚመጣው የሴቶች መሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው መሃል አናት ላይ ነው፤ ፀጉሩ ለሁለት የሚከፈልበት መስመር እየሰፋ ይሄዳል፣ የግንባሩ መስመር ግን ይቆያል። መጎተት የሚያመጣው በተጎተተው ቦታ ነው፦ ግንባር ጠርዝ፣ ከጆሮ በላይ፣ ማጅራት። አንድ ጥሩ ምልክትም አለ። ከፊት ለፊት ጫፉ ላይ አጫጭርና ስስ ፀጉሮች ይቀራሉ፣ ከእነሱ ኋላ ግን ባዶ ይሆናል። ለምን ቢባል እነዚያ አጫጭሮች ለጉንጉን ስላልደረሱ ከመጎተት አምልጠዋል።

ክብና ልሙጥ ሆኖ ድንገት የተመለጠ ከሆነ ላሽ ሊሆን ይችላል። ልጅ ላይ የሚያሳክክና የሚቀረፍ ከሆነ ደግሞ ቆረቆር ይጠረጠራል፤ እሱ ፈንገስ ስለሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ሁሉን በሹሩባ ማሳበብም ልክ አይደለም።

«የጥቁር ሴቶች ጣጣ ነው»

ይህ ችግር መጀመሪያ የተጻፈው ከአፍሪካ አይደለም። በ1907 እ.ኤ.አ. በግሪንላንድ፣ ፀጉራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው በሚያስሩ ሴቶች ላይ ነው። ፀጉራቸውን ሳይቆርጡ አናታቸው ላይ የሚቋጥሩ የሲክ ሃይማኖት ወንዶች ላይም ይታያል፤ የባሌት ዳንሰኞች ላይም። ድሬድ ያላቸው ወንዶቻችንም አያመልጡም። ከሻሽና ከሂጃብ ሥር የሚታሰረው የጠበቀ ቋጠሮም ያው ነው።

ግን እኛን አይመለከትም ማለት አይደለም። ኬፕታውን ውስጥ በተደረገ ጥናት ከሦስት አዋቂ ጥቁር ሴቶች አንዷ ገደማ ይህ ምልክት ነበራት። በተለይ በኬሚካል ተለስልሶ ወዲያው ሹሩባ የሚሠራ ፀጉር ይጎዳል። ኬሚካሉ አዳክሞታል፣ ከዚያ ይጎተታል።

«አንዴ ከሄደ ሄደ» እና «ተይው፣ ይመለሳል»

ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰማሁ። ሁለቱም እንደ ጊዜው እውነት ናቸው።

መጎተቱ ቶሎ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የወደቀ ፀጉር ሥሩ ሦስት ወር ያህል አርፎ ነው እንደገና የሚነሳው፤ ከዚያም በወር አንድ ሴንቲ። በሁለተኛው ወር መስታወት ፊት ቆሞ «ምንም የለም» ማለት ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው።

ለዓመታት ከተጎተተ ግን ከረጢቱ ራሱ ይሞትና በጠባሳ ይተካል። ቆዳው ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ይሆናል፤ የፀጉር ቀዳዳዎቹም አይታዩም። ከዚያ ቦታ አይበቅልም። ችግሩ፣ ከየትኛው ወገን እንዳለሽ በመስታወት ብቻ መለየት ይከብዳል። የቆዳ ሐኪም በማጉያ ያየዋል፤ ካስፈለገም ትንሽ ናሙና ይወስዳል። አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ አጠገብ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው።

ሥሩ በሕይወት ካለ ሚኖክሲዲል የተባለ ፀጉር የሚያበቅል መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። መጀመሪያ ሰሞን ጭራሽ ሊያረግፍ ስለሚችል ብዙዎች ደንግጠው ይተዉታል። ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይመከርም። ቁጣው ገና ካልበረደ ሐኪሙ የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል። ጠባሳ ከሆነ የሚቀረው ፀጉር ማስተከል ነው።

«ቅቤና የሽንኩርት ውሃ ይመልሰዋል»

ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ መሰባበርን ይቀንሳል። የአያቶቻችን ጥበብ ነው፣ አልክድም። ጠባሳ ግን አይከፍትም። ሽንኩርት የተቆጣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ተላጭቶ እንደገና ማሳደግም ሥሩን አያበዛውም።

«እስኪበቅል በዊግ ልሸፍነው»

ይህን ራሴ ሠርቼዋለሁ። አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ «ማንም አያውቅብሽም» ብለው የሚሰፋ ሂውማን ሄር ሰፉልኝ። እውነትም ማንም አላወቀም። ግን ስፌቱ የሚያርፈው በጠበቀ ሹሩባ ላይ ነው፤ ክብደቱን የተሸከሙትም የተረፉት ጥቂት ፀጉሮች ናቸው። በሙጫ የሚለጠፈው ደግሞ ሲነሳ ጠርዙን ይዞ ይነሳል። መሸፈን ካስፈለገ የማይሰፋና የማይለጠፍ፣ ማታ ማታ የሚወልቅ ይሻላል።

የእኔ ነገር ይኸውና። በግራ ጆሮዬ በኩል ያለው በዘጠኝ ወሩ አካባቢ ተመለሰ። ቀኝ በኩል አንድ ጣት የምታህል ልሙጥ ቦታ ቀርታለች። ሹሩባ አልተውኩም፤ ግንባሩ ላይ ያለውን ግን ነጻ አስቀራለሁ። ባለፈው ፋሲካ እህቴ ልጇን ስታሠራ «ጠበቅ…» ብላ ጀመረችና አየችኝ። «ላላ አድርጊላት፣ በሳምንቱ ቢፈታም ይፈታ» አለቻት።