የጤና መድኅንና የካንሰር ቅድመ ምርመራ በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ ገጠር የጤና መድኅን ደብተር ከሳጥን የሚወጣው ሰው ሲታመም ነው። ልጅ ሲያተኩሰው፣ አባወራው ሲተኛ። የካንሰር ቅድመ ምርመራ ደግሞ ምንም ሳያም መሄድን ይጠይቃል። ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። ሰሜን ሸዋ የገባው ቆይቶ ነው። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበውም እህል ተወቅቶ ገበሬው እጅ ብር ሲገባ ነው። መክፈል ለማይችሉት፣ «የደሃ ደሃ» ለሚባሉት፣ መንግሥት ይከፍላል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ቀድሞ ለመያዝ የሚመቸው የማኅጸን በር ካንሰር ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ሲሆን ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ዓመታት ይፈጅበታል። እነዚያ ዓመታት ናቸው ሕይወት የሚያተርፉት።

ምርመራው ቀላል ነው። ነርሷ ጥጥ በቀጭን አሴቲክ አሲድ ትነክራለች። ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። የማኅጸን በሩን ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ካለ ሕዋሳቱ መለወጥ ጀምረው ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ካለ በዚያው ቀን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይታከማል። ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምሮ ብትመረመር ይሻላል።

ይህ ምርመራ በብዙ የመንግሥት ተቋማት በነጻ ስለሚሰጥ ደብተሩ እምብዛም አይጠየቅም። መድኅኑ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ካንሰር ከተጠረጠረ ናሙና ይወሰዳል፣ ሪፈር ይጻፋል። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ጨረር ካስፈለገ አዲስ አበባ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር።

ውል ባለበት የመንግሥት ተቋም መድኅኑ ካርዱን፣ ላቦራቶሪውን፣ አልጋውንና እዚያው ያለውን መድኃኒት ይሸፍናል። ሪፈሩን መያዝ ግን ግድ ነው። ትራንስፖርት አይሸፈንም። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ደብረ ብርሃን ወርዳ ለምታድር እናት የመኪናውና የማደሪያው ወጪ ከራሷ ኪስ ነው። እኔ ብጠየቅ ሽፋኑ መጀመሪያ መስፋት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ለጡት ካንሰር ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ በጤና ጣቢያ አይገኝም። እብጠት ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር መታየት አለባት። የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል፤ ነጻ ነው፣ ደብተር አያስፈልገውም።

መዋጮ በሚሰበሰብበት ሰሞን ስለ መድኅኑ ቤት ለቤት ይዞራል። በዚያው ዙር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «እትዬ፣ የማኅጸን ምርመራውንስ አድርገዋል?» ብትል አንድ ሳንቲም አያስወጣም።