የጎልፍ መንደሩ ዘበኛ ውኃ አያስቆምም

ሠላሳ ዓመት የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን በረዶ ሲጠርጉ ለኖሩ ወገኖቻችን ጡረታ ሲቃረብ የሚነሳው ወሬ ፍሎሪዳ ነው። በተለይ በኔፕልስና በፎርት ማየርስ ዙሪያ ያሉት፣ በአጥር የተከለሉ የጎልፍ መንደሮች። አንድ ዘመዴ እዚያ ቤት ሲፈልግ በየካቲት አብሬው ሄጄ ነበር። ይዟቸው ከሄደው እምነቶች ብዙዎቹ አብረውት አልተመለሱም።

«ፍሎሪዳ ግብር የለም።»

የግዛቱ የገቢ ግብር የለም፤ ይህ እውነት ነው። የንብረት ግብር ግን አለ፤ ገዢዎች የሚሳሳቱትም የሻጩን የግብር ደረሰኝ አይተው ሲጽናኑ ነው። ቋሚ መኖሪያ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ለግብር የሚያዝለት ግምት በዓመት ከ3 በመቶ በላይ አይጨምርም። ሃያ ዓመት የኖሩበት ሰዎች ጥቂት የሚከፍሉት ለዚህ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ግን ግምቱ ወደ ገበያው ዋጋ ይመለሳል፤ አዲሱ ባለቤት የሚከፍለው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የቋሚ መኖሪያ ቅናሹም ራሱ አይመጣም፤ እስከ ማርች 1 ማመልከት ያስፈልጋል። ደግሞ የሜሪላንድ ቤቱን ሳይሸጥ የልጅ ልጆቹን ለማየት የሚመላለስ አያት ቀኑን ይቁጠር፤ 183 ቀን እዚያ ካሳለፈ ሜሪላንድ እንደ ነዋሪዋ ግብር ልትጠይቀው ትችላለች።

«ቤቴ ሜዳው ዳር ከሆነ ጎልፉም የእኔ ነው።»

ቤት አሻሻጯ የበረንዳውን መስተዋት በር ስትከፍተው ከፊታችን የተከረከመ ሣር፣ ኩሬ፣ ከኩሬው ዳር በአንድ እግሩ የቆመ ነጭ ወፍ። ዘመዴ ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ሦስት እርምጃ እንደሄደ ሴትዮዋ በትሕትና ጠራችው፦ «ጌታዬ፣ እሱ የክለቡ ነው።» የእሱ የሚሆነው እስከ በረንዳው ጠርዝ ድረስ ብቻ ነበር።

በአንዳንዱ መንደር የክለብ አባልነት ከቤቱ ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ የጎልፍ ዱላ ነክተው ባያውቁም ይከፍላሉ። በሌላው አባልነት ለብቻው ይገዛል፣ ወረፋም ሊኖረው ይችላል። በክለቡ ምግብ ቤት በዓመት ይህን ያህል ትበላለህ ተብሎ የሚቆረጥበትም አለ፤ ባይበላም ሒሳቡ ይመጣል። ሜዳው ራሱም ዘላለማዊ አይደለም። በአሜሪካ ከ2006 ወዲህ ከሚከፈቱት የጎልፍ ሜዳዎች የሚዘጉት በልጠዋል። መሬቱ ለሌላ ግንባታ እንዳይውል የሚከለክል ውል ከሌለ፣ ለአረንጓዴ እይታ ተጨማሪ የከፈለ ሰው ነገ የጎረቤት ጣሪያ ያይ ይሆናል።

«የወር መዋጮው ያው ነው።»

የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ከነዋሪው የሚሰበስበው ይህ መዋጮ በየዓመቱ ሊጨምር ይችላል። መንገዱ የግል ስለሆነ አስፋልቱ ሲቦረቦር ማዘጋጃ ቤት አይመጣም፤ ነዋሪው ያዋጣል። መዋጮውን ያልከፈለን ሰው የባለቤቶቹ ማኅበር ፍርድ ቤት ሄዶ ቤቱን ሊያሸጥበት ይችላል። እድር ቢበዛ ስም ይሰርዛል፤ ይህኛው ቤት ይሸጣል።

«አጥርና ዘበኛ ስላለ ሐሳብ የለም።»

እዚያ የሚያሰጋው ሌባው አይደለም፤ ባሕሩ ነው። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፎርት ማየርስ አጠገብ ሲደርስ፣ በፎርት ማየርስ ቢች የገባው ውኃ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ጫማ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መድኑን ገልጦ ሲያነብ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን እንደማይሸፍን አወቀ። የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል። የፌዴራሉ መንግሥት ፕሮግራም ለአንድ መኖሪያ ቤት የሚከፍለው ቢበዛ 250,000 ዶላር ነው፤ ውሉም ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ማዕበሉ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም።

የነፋሱ ጉዳት ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ ቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ይሰላል። በ400,000 ዶላር የተገመተ ቤት 5 በመቶ ማለት 20,000 ዶላር ነው። ዘመዴ ይህን ሲሰማ ብዕሩን አስቀምጦ ውኃ ጠየቀ።

«ሜዲኬር አለኝ፤ ብደክም ያስታምመኛል።»

ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት ለአዛውንቶች የሚሰጠው የጤና መድን ነው። ለሐኪምና ለሆስፒታል፣ አዎን፣ ድርሻውን ይከፍላል። ገላ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያጎርስ ሰው ብቻ ሲያስፈልግ ግን የረጅም ጊዜ ክፍያ የለውም። ልጆቹ በአውሮፕላን ርቀት ላይ ላሉ ሰው ይህ ከግብሩም ከጎልፉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

«የአዛውንቶች መንደር ስለሆነ ጸጥታ ነው።»

ሁሉም አይደለም። ዕድሜን የሚገድቡት ቢያንስ 80 በመቶ በሚሆኑት ቤቶቻቸው 55 ዓመት የሞላው ሰው ሊኖርባቸው የሚገባቸው ናቸው፤ ሌሎቹ መንደሮች ለማንም ክፍት ናቸው።

«በገዛ ቤቴ ማን ያዝዘኛል?»

የበሩ ቀለም፣ የመኪናው ማቆሚያ፣ የእንግዳው የቆይታ ቀን በመንደሩ ደንብ ላይ ተጽፎ ይጠብቅዎታል። አፓርታማ ከሆነ ደግሞ በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠልን የእሳት መከላከያ ሕጉ ይከለክላል። ቡና በኤሌክትሪክ ነው።

«ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው።»

እኛ የሄድነው በየካቲት፣ አገሩ በሚያምርበት ወቅት ነበር። ዘመዴ ለመግዛት አልቸኮለም፤ ነሐሴን ተከራይቶ ሊሞክረው ሄደ። ሙቀቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰው አያስወጣም፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ ነው፣ ከሰሜን የሚመጡት ጎረቤቶች መዝጊያቸውን ቆልፈው ሄደዋል። በወሩ ውስጥ ያወራው ከበሩ ዘበኛ ጋር ብቻ ነው። ሄይቲያዊ ነው፤ ቡናውን ግን ወዶለታል።