ተደራሽ ድረ ገጽ ምንድን ነው? የጀልባው መድረስና የሰውየው መውረድ ለየቅል ናቸው

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ፣ ሐይቁን ተደግፈው ከተሠሩት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ድረ ገጽ ሲመረቅ ተጋብዤ ነበር። አቅራቢው ወጣት ባለሙያ «ድረ ገጻችን መቶ በመቶ ተደራሽ ነው፤ በስልክም በኮምፒውተርም ይከፈታል፤ በየትኛውም ወረዳ ያለ ሰው ያገኘዋል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ለማጨብጨብ ያነሣሁትን እጅ መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ይህ ቃል በዚህ ዓይነት ቦታ ሲወድቅ ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ።

ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ ሳይሆን የቃሉም ነው። «ተደራሽነት» በአማርኛ የሁለት ጌቶች አገልጋይ ሆኗል። የንጹሕ ውኃ ተደራሽነት፣ የመብራት ተደራሽነት፣ የኔትወርክ ተደራሽነት ስንል አገልግሎቱ ስንት ቀበሌ ገባ ማለታችን ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ሲነሣ ግን ያው ቃል ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የደረሰውን ነገር ሰውየው ይጠቀምበታል ወይ? ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 የሚናገረው ስለዚህኛው ነው፤ ከመንገድና ከሕንፃ ጋር ኢንተርኔትንም በስሙ ጠርቶታል።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የተሻገረ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም። ጀልባው ዳርቻው ላይ ይደርሳል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ገመዱ ይታሰራል። ከጀልባው ጠርዝ እስከ ድንጋዩ ግን አንድ ርምጃ ትቀራለች። ለጎረምሳ ምንም አይደለችም፤ ይዘላታል። በክራንች ለሚሄድ፣ በዊልቸር ለተቀመጠ፣ ድንጋዩ የት እንዳለ ለማያይ ሰው ግን ያቺ አንዲት ርምጃ ከሐይቁ ሁሉ ትሰፋለች። ጀልባው ደርሷል፣ ሰውየው አልደረሰም። አዳራሹ ያጨበጨበው ለጀልባው ነው።

በሻይ ዕረፍቱ ስልኬን አውጥቼ ቶክባክን አበራሁትና አዲሱን ድረ ገጽ ከፈትኩ። ቶክባክ በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ አብሮ የሚመጣ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ጣቴን ባንሸራተትኩ ቁጥር «አዝራር» አለኝ። ቀጥሎም «አዝራር»። ሦስተኛውም «አዝራር»። ለሚያይ ሰው አንዱ ቤት፣ አንዱ ፖስታ፣ አንዱ ማጉያ መነጽር ተስሎበታል፤ ሠሪው ሥዕሉን አስቀምጦ ስሙን ረስቷል። ወደ ታች ስወርድ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ አገኘሁ። ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ፎቶ ተነሥቶ የተጫነ ነው። መጨረሻው ላይ «አካል ጉዳተኛ አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል። ይህን የማውቀው ዓይን ስላለኝ ነው፤ ስልኬ ያነበበልኝ «ምስል» ብሎ ብቻ ነው።

በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ መንቀሳቀስን፣ የርዕሶችን ተዋረድ፣ ለቪዲዮ መግለጫ ጽሑፍ መጨመርን እዚህ አልተነትንም፤ ሥራው ውስጥ ያለ ሰው ያውቃቸዋል፣ ባያውቅ እንኳ ዓለም አቀፉ የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያ (WCAG) ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጽፎ አለ፤ 2.2 የሚባለው እትሙም በ2023 ወጥቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

አንደኛው፣ ገጹ ጥግ ላይ የምትለጠፈው ክብ ምልክት ናት። ዊልቸር ተስሎባታል፤ ሲጫኗት ፊደል ታሳድጋለች፣ ቀለም ትቀይራለች። ይቺን ገዝተው የለጠፉ ሰዎች ጉዳዩን የዘጉት ይመስላቸዋል። ዓይነ ስውሩ ተጠቃሚ ግን የራሱን አንባቢ ፕሮግራም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምርኩዙን ከቤቱ ይዞ እንደሚወጣ ሁሉ። የቸገረው መረገጫ ማጣቱ ነው። ሠሪው ራሱ ስም ያልሰጠውን አዝራር ክቧ ከየት አምጥታ በትክክል ትሰይመዋለች? ጀልባው ላይ ሳንቃ በመዘርጋት ፈንታ የድምፅ ማጉያ ሰቅሎ «ውረዱ! ውረዱ!» እንደማለት ነው።

ሁለተኛው «ለስንት ሰው ብለን?» የሚለው ነው። ይህንንም አንድ ጎምቱ ሰው እዚያው ሻይ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። ቁጥር ልጠራለት አልፈለግሁም። ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳው እንዲወጣ ጋበዝኩት። የእኩለ ቀን ፀሐይ ነው፣ ከሐይቁ ላይም ታንጸባርቃለች። ነጭ ላይ በፈዛዛ ግራጫ የተጻፈውን የስልክ ቁጥር ማንበብ አቃተው። መመሪያው በመካከለኛ ደረጃው ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል፤ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1። (እዚህ ላይ ባልጠየቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሱ እና ሲ የሚለያዩት አንዲት ሰረዝ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመውጣቷ ነው። ፊደሉ ሲያንስና ሲፈዝ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺው ሰረዝ ናት። ስለዚህ በእኛ ፊደል ዝቅተኛውን ልክ ማሟላት ለእኔ በቂ አይደለም።)

ሦስተኛው «አንባቢው ፕሮግራም አማርኛ መቼ ያውቃል?» የሚል ማምለጫ ነው። ያውቃል። በነፃ የሚገኘው የኮምፒውተር አንባቢ ፕሮግራም ኤንቪዲኤ ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል እንጂ የለመደው ሰው እኔ በዓይኔ ከማነበው ፈጥኖ ይሰማዋል። አብዛኛውን ጊዜ አማርኛውን የምናበላሽበት እኛ ነን። ገጹ ውስጥ የቋንቋ መለያው ከፈረንጅ ቅጂ እንደመጣ እንግሊዝኛ ተብሎ ይቀራል፤ አንባቢውም በእንግሊዝኛ ድምፅ ይንተባተባል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችን ዛሬም የሚጭን አለ፤ ለዓይን «ማስታወቂያ» ነው፣ ከሥሩ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል። አራት ነጥብን ትተን ሁለት ነጥብ ደጋግመን ስንመታም ፕሮግራሙ የዐረፍተ ነገሩን ማብቂያ አያውቀውም። ቅንፍም ባይሆን እዚህ ላይ ሳልናገር አላልፍም፦ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅን ፊደላችን ስለማይለይ «አለ» የተናገረው ይሁን የተገኘው፣ «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰው፣ ማሽኑ ይገምታል። ይህን የድረ ገጽ ሠሪ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ሌሎቹን ግን ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ይጨርሳቸዋል።

«መቶ በመቶ» የምትለዋ ደግሞ አለች። ከየት እንደመጣች ገባኝ፤ በራሱ የሚመረምር መሣሪያ ነጥብ ሰጥቷቸው ነው። መሣሪያው ምስሉ መግለጫ አለው ወይስ የለውም ብሎ ያያል፤ መግለጫው «ፎቶ» ብቻ ቢል እንኳ ያልፋል። ፎቶ መሆኑንማ ማን ከለከለ! ቁም ነገሩ፣ ነጥቡ የዛሬ ነው። ጣና በመስከረም ሞልቶ በግንቦት ይጎድላል። በመስከረም ልክ የተዘረጋ ሳንቃ በግንቦት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው፤ በምረቃው ቀን ያማረው፣ ከሁለት ወር በኋላ የሕዝብ ግንኙነቱ ሠራተኛ ፖስተር በፎቶ ሲጭንበት፣ ሌላው ደግሞ ገጹን ሸፍኖ የሚወጣና መዝጊያው የማይገኝ የእንኳን አደረሳችሁ መስኮት ሲጨምርበት፣ ዳርቻው እምቦጭ እንደወረሰው ወደብ ይሆናል። ምሳሌዬን ከልኩ በላይ ጎተትኩት መሰለኝ፤ ባሕር ዳር ላይ ስለ ድረ ገጽ የሚጽፍ ሰው ይህ ይቅር ይባልለት።

ወጣቱ ባለሙያ ወደ መጨረሻው ሻዩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አላጨበጨቡም» አለኝ። አየኸኝ እንዴ ብዬ ሳቅሁ። የነገርኩትን ሁሉ በጥሞና ሰማኝ፣ የማስታወቂያውን ነገር ስነግረው ፊቱ ቀላ። «ታዲያ እስኪስተካከል ድረስ ምን ብዬ ላቅርበው?» አለ።

«በስልክ ይከፈታል፣ በል» አልኩት።

ከዚያ የራሱን ስልክ ሰጠኝ፤ ቶክባኩን አብርቼ መለስኩለት። አንድ ጊዜ ነካ፤ አነበበለት እንጂ አልከፈተለትም። ደግሞ ነካ። ሊያጠፋው ፈለገ፤ እሱንም አነበበለት። ሁለት ጊዜ አከታትሎ መንካት እንዳለበት ልነግረው ነበር፤ ግን ሻዬን ሳልጨርስ አልነገርኩትም።