«ደፋር መሪ ፋብሪካ አያቆምም» ያለው ማነው?

ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ (ከነዳጅ ዘይት የፕላስቲክና የመሳሰለውን ጥሬ ዕቃ የሚያወጣ) ውስጥ በፈረቃ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ኢንዱስትሪው እየተለወጠ ነው፣ ደፋር መሪና ፈጠራ ያስፈልጋል የሚል ንግግር በየስብሰባው እሰማለሁ። እሺ፣ ያስፈልጋል። ግን ድፍረት ምን እንደሆነ ሊያስረዱን ሲነሱ ደሜ ይፈላል።

ከሚሉት ስህተት ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የቤንዚን መኪና ሲቀር ፔትሮኬሚካልም ይቀራል።» አይቀርም። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ እስከ 2030 ከሚጨምረው የነዳጅ ዘይት ፍላጎት ከሲሶ በላዩ የፔትሮኬሚካል ነው ብሎ ገምቷል። የኤሌክትሪክ መኪናው ጎማና ወንበር ከምን የሚሠራ መሰላችሁ?

«ፈጠራ ከአለቃ ቢሮ ይወጣል።» በ1933 እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ኬሚስቶች ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ከሌላ ኬሚካል ጋር ሊያዋህዱ ሞከሩ። አልሆነም። ዕቃው ውስጥ ነጭ ሰም መሰል ነገር ተገኘ። ፖሊኤቲሊን ነበር። ፕላስቲክ ሥሩ ብሎ ያዘዛቸው የለም።

«አዲስ ቴክኖሎጂ ከመጣ ሁሉንም ዛሬውኑ መቀየር ነው።» ባስፍ፣ ሳቢክና ሊንደ የተባሉት ኩባንያዎች በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሁለት የክራከር ምድጃዎችን (ጥሬ ዕቃውን በሙቀት የሚሰነጥቁ ናቸው) በ2024 ጀርመን፣ ሉድቪግስሃፈን ሥራ አስጀመሩ። ሁለቱ ምድጃዎች ተደምረው በሰዓት 4 ቶን አካባቢ ብቻ ያስተናግዳሉ። ሙከራ ነዋ!

አሁን ወደ ዋናው፦ «ደፋር መሪ ምርት አያቆምም።»

የእኛም ክራከር ነው። ምድጃችን ውስጥ ናፍታ (የመኪናው ናፍጣ አይደለም፣ ከድፍድፍ ዘይት የሚወጣ ቀለል ያለ ፈሳሽ ነው) ከእንፋሎት ጋር በቱቦ ያልፋል፣ 850 ዲግሪ አካባቢ፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ። እያደር የቱቦው ውስጥ ኮክ ይይዛል (ፍሬው አይደለም፣ ጥቁር ካርቦን ነው)። ኮኩ ሙቀት በደንብ ስለማያሳልፍ ቱቦው ራሱ ይግላል። ስለዚህ ምድጃውን ከሥራ አውጥተን ኮኩን በእንፋሎትና በአየር እናቃጥለዋለን። ዲኮኪንግ እንለዋለን።

አንድ አዲስ አለቃ መጣና «አንድ ሳምንት እንግፋው፣ ትንሽ ደፈር በሉ እንጂ» አለን። ገፋነው። በአራተኛው ሌሊት የፈረቃው ኃላፊ ወደ ምድጃው ማያ መስኮት ጠራኝ። ቱቦዎቹ ብርቱካናማ ናቸው፣ አንዱ ላይ ግን መዳፍ የምታክል ነጣ ያለች ቦታ ታበራለች። «ይህቺን አልወደድኳትም» አለ። ማንንም ሳያስፈቅድ ናፍታውን ቆረጠ። ጠዋት አለቃው ፈሪ አለው። ምድጃው ቀዝቅዞ ሲታይ ቱቦው እዚያች ቦታ ላይ አብጦ ነበር።

ይሄ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በ1974 እንግሊዝ፣ ፍሊክስቦሮ ውስጥ የናይለን ጥሬ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ከስድስቱ ሪአክተሮች (ኬሚካሉ የሚዋሃድባቸው ትልልቅ ጋኖች) አምስተኛው ተሰነጠቀ። አወጡትና አራተኛውን ከስድስተኛው የሚያገናኝ ጊዜያዊ ቱቦ ገጠሙ። ንድፉ የተሣለው በጠመኔ፣ ወርክሾፑ ወለል ላይ ነው። የሚያርፍበትን ኃይል በወጉ ያሰላ አልነበረም፤ ሊያሰላ የሚችለው የመካኒካል መሐንዲስ ሥራ ለቆ ቦታው ባዶ ነበር። ምርት ቀጠለ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጁን 1 ቀን ፋብሪካው ፈነዳና 28 ሰው ሞተ። ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ ቢሮዎቹ ሁሉ ሰው ይኖርባቸው ነበር።

አለቃ ከሆናችሁ እስቲ አንድ ሌሊት ምድጃው ጋ ቁሙ። ጊዜያዊ ነው የተባለ ቱቦ ሁሉ፣ ክንድ የማያክል ቢሆንም፣ ስሌቱ ተሠርቶ ሳይፈረምበት አይገጠም። ኦፕሬተሩን «ስንት ቶን?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አስጨነቀህ?» በሉት። ለመጨረሻ ጊዜ ምርት ያስቆመው ሰው ማን እንደሆነና ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበትም ጠይቁ። ቦነሱን በቶን ብቻ እየለካችሁ ግን ማንም ደፍሮ አያቆምላችሁም።

የእኛ የፈረቃ ኃላፊ የዚያን ዓመት ቦነስ አላገኘም። የምርት ቀን አጉድሏል ተብሎ።